አራት ሰዓት ሲሆን የሚጠፋው እሳት

ኑርሁሴን ያንን የጋዝ ማድረቂያ ከአንድ ከተዘጋ ፋብሪካ ሲገዛ አሮጌ መሆኑን ያውቅ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! በሰው አገር፣ ካላክላ ውስጥ በኪራይ ቤት ቲሸርት እያተመ የሚያድር ሰው አዲስ ማሽን የሚያየው በሕልሙ ነው። ማድረቂያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርሳል። ቀለሙ ያልደረቀ ቲሸርት በአንዱ አፍ በሽቦ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ይገባል፣ በእሳቱ ሥር ያልፍና በሌላው አፍ ደርቆ ይወጣል።

ማሽኑን የምትንከባከበው ዘሊካ ነበረች። የወሎ ልጅ ናት፤ አል-ማንሺያ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰባት ዓመት የሰው ወለል ወልውላ፣ የሰው ልብስ አጥባ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ እየተኛች ኖራ ነው ወደዚህ የመጣችው። እዚህ ግን ማንም ሳያዛት ጠዋት ጠዋት ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ነፋስ ያመጣውን አቧራ ከማጣሪያው ታራግፋለች፣ ሰንሰለቱን ዘይት ትቀባለች፣ እሳቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀጭን ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጋ ታሻለች። ያቺ ዘንግ እሳት መኖሩን ካላወቀች ጋዙን ትዘጋዋለች። ይህን ሁሉ ዘሊካ እያየች ነው የለመደችው፤ ሙያ በልብ ነው።

ታዲያ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ማሽኑ አመል አወጣ። ጠዋት ደህና ይነድና አራት ሰዓት ሲሆን ድርግም! ይለኩሱታል፣ አሁንም ድርግም። ለአንድ ትምህርት ቤት የታዘዘ ሦስት መቶ ቲሸርት እንደተከመረ ቀረ። የጋዝ መካኒክ ተጠርቶ መጣ፤ እሱም ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነና "ቫልቩ ሞቷል፣ ኸላስ" ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ኑርሁሴን ተስፋ ቆርጦ ለቆራሌው ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ መጥተህ ውሰደው አለው። ማሽኑ ከሄደ ህትመቱ ይዘጋል፤ ህትመቱ ከተዘጋ ዘሊካን የሚጠብቃት ያው የማንሺያው ዕቃ ቤት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳያዛት ማሽኑን ከፈተችው። ሳታጸዳው ብትሸኘው ነውር መሰላት። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ አምፖል ፈለገች፤ ያለው ትርፍ መሰኪያ ግን አንድ ነውና የሙከይፉን ገመድ ነቀለች። ሙከይፉ በረጠበ ድርቆሽ አየር እያሳለፈ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ሣጥን ነው። ሙቀቱ ጥሏት የወደቀች ዕለት ኑርሁሴን ከራሱ መኝታ ቤት ነቅሎ አምጥቶ፣ እሷ ከምትቆምበት ከማሽኑ መውጫ ፊት ለፊት ያስቀመጠላት ነው። ሚስቱ ሬሕማ ሦስት ቀን አኩርፋዋለች።

ዘሊካ ጠርጋ ስትጨርስ እሳቱን ለኮሰችው። አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሆነ። እሳቱ ሰማያዊ እንደሆነ አለ! ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። እስቲ ትንሽ ልተንፍስ ብላ ሙከይፉን ሰካችው። ድርግም። ነቅላ ለኮሰችው፤ ነደደ። ሰካችው፤ ጠፋ።

ዘሊካ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሙከይፉ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የምትከፍተውም ሙቀቱ ሲበረታ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው። ለካ ማሽኑን የገደለው ለእሷ የታዘነው ሐዘኔታ ኖሯል! ሸይጣንም አልተኛም፤ ሙከይፉን አጥፍተሽ "እኔ ጠገንኩት" በይና ተመስገኚ አላት። አፈረች። ተነስታ ኑርሁሴንን ጠራችው።

"ጋሼ፣ ቫልቩ ደህና ነው። እሳቱን የሚያጠፋው የኔ ሙከይፍ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"እርስዎ ያመጡልኝ። ንፋሱ በመውጫው ገብቶ እሳቱን ይገፋዋል። ወላሂ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።"

ኑርሁሴን ሙከይፉን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ከዚያ ራሱን ይዞ ሳቀ። "ያ ሰላም! ሬሕማ ከሰማች አለቀልኝ።" ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። "ታዲያ አንቺ በዚህ ሙቀት ልትወድቂብኝ ነው?"

"መሀሉ ላይ ቆርቆሮ እናቁም። ንፋሱ ለኔ፣ እሳቱ ለራሱ።"

ከጓሮ ቆርቆሮ አምጥተው አቆሙ። ሙከይፉ እየነፈሰ እሳቱ ንቅንቅ አላለም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቲሸርቶች ሲወጡ ዘሊካ አንዱን ወስዳ ሳፋ ውስጥ ነከረችው፤ በሳሙና አሸችው፣ ጨመቀችው፣ መልሳ አሸችው። ከጽሑፉ አንድም ፊደል አልለቀቀም።

ከዙሁር በኋላ ቆራሌው በጋሪ ገመዱን ይዞ መጣ። "ያላ፣ የታለ ማሽኑ?" አለ በዐረብኛ።

ዘሊካ እጇ በሳሙና እንደተሞላ በሩ ላይ ቆመች። "አይሸጥም" አለችው በሱው ቋንቋ።

ሰውየው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ኑርሁሴንን ፈለገ። "ያ ሐጅ፣ የተነጋገርነው እኔና አንተ አይደለን? ይቺ ደግሞ ማናት?"

ኑርሁሴን ከተቀመጠበት አልተነሳም። "እሷን አናግር" አለው። "አይሸጥም ካለች አይሸጥም።"

ሰውየው ጋሪውን አዙሮ እያጉረመረመ ሲሄድ ዘሊካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ማሽኑ ተመለሰች፤ ሁለት መቶ ዘጠና ቲሸርት ይቀራል።