ባልና ሚስት ናቸው

ኑሃሚን ሊቶኒያ ከተማ ደርሳ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ደጃፍ ፓርክ ካደረገች በኋላም ከመኪናዋ አልወረደችም። ለልጆቹ ልታሳይ ያሰበችውን ፊልም ያየችው ዩኒቨርሲቲ እያለች ነበር። ደስ የሚል የፈረንሳይ ፊልም እንደሆነ ትዝ ይላታል፤ ስድብ የለውም፣ ሽጉጥ የለውም፣ ሰው አይሞትበትም። መሳሳም አለው። ከመሳሳሙ ሌላ ምን እንዳለው እርግጠኛ አይደለችም። ለወላጆች በሙሉ በላከችው መልእክት ግን «ምንም የለውም» ብላ አፏን ሞልታ ጽፋለች። ዲቪዲው ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ከርሟል። አንድ ማታ ቁጭ ብላ ብታየው ምን ነበረበት?

በወር አንድ ቅዳሜ ስቶን ማውንቴን ከተማ በሐበሾች ማኅበር አዳራሽ ለልጆች ፊልም የምታሳየው እሷ ናት። ልጆቹ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸው፣ ካርቱን የናቁ፣ ለሌላው ሁሉ «ገና ናችሁ» የሚባሉ ናቸው። አዳራሹ የሚሰጣት ወላጆች እስካላጉረመረሙ ድረስ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አቶ ኃይሉ አጉረምርመው ልጆቻቸውን አስቀርተዋል። አሁን ወይዘሮ ተናኘወርቅ ልጃቸውን ልዕልትን ካስቀሩ የሌሎቹ እናቶች ነገር ያለቀለት ነው፤ ሴትየዋ ምንም ሳይናገሩ ሰው የሚከተላቸው ዓይነት ናቸው። ያን ጊዜ የቅዳሜው ፊልምም ያበቃለታል።

«እኔ አይቼ እወስናለሁ» ብለዋት ነበር በስልክ። «አንቺም ነይ። ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ይሮጥብኛል፤ ታነቢልኛለሽ።»

ገባች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ኤርፖርት ፓርኪንግ ከሚሠሩበት መመለሳቸው ነው፤ የሥራ ሸሚዛቸውን እንኳ አላወለቁም። ልዕልትን ወደ ፎቅ ላኳትና ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«አይተሽዋል አይደል?»

«እንዴ፣ አይቼዋለሁ እንጂ እትዬ ተናኘ!»

ፊልሙ ስለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሰውየው ደስ ሲለው እግሩ ከመሬት ይነሳል፤ እንዳይንሳፈፍ ብሎ ኪሱን በድንጋይ ሞልቶ ይኖራል። አንድ ቀን የከተማ ባቡር የምትነዳ ሴት ያያል፤ ድንጋዩም አልያዘው አለ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሳቁ። ኑሃሚን ትንሽ ተነፈሰች።

ችግሩ የመጣው መሀል ላይ ነው። ባቡር ነጂዋ ዳቦ ጋጋሪውን ቤቷ ወሰደችው። አመሻሽቶ ነበር። ኮርኒሱ ላይ ተለጥፎ እንዳያድር ቁርጭምጭሚቱን በሲባጎ ከአልጋዋ እግር ጋር አሰረችው። ኑሃሚን ይሄ ጭራሽ ትዝ አላላትም፤ ጆሮዋ ጋለ።

«ቤቷ ምን ያደርጋል?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«ባልና ሚስት ናቸው» አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«መቼ ተጋቡ?»

«ቀደም ብሎ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት።»

«ቅድም ስምሽ ማነው ብሏት የለ እንዴ?»

«ይረሳል። ከፍ ሲል ይረሳል።»

«ውይ፣ ምስኪን» አሉ ሴትየዋ፤ ዓይናቸው ግን ከቴሌቪዥኑ ወደ ኑሃሚን ዞሮ ጥቂት ቆየ።

ከዚያ በኋላ ውሸቱ ውሸት ይወልድ ጀመር። የዳቦ ጋጋሪው እናት ልጇን «መቼ ነው የምታገባው?» ብላ ስትቆጣ፣ ኑሃሚን «መቼ ነው የምትወልዱት እያለችው ነው» ብላ ተረጎመች። ባቡር ነጂዋ ጎረቤቷን «ላግባው አላግባው አላውቅም» ስትላት፣ «ከሥራ ልውጣ ይሆን እያለች ነው» አለች። ከደረጃው በኩል የታፈነ ሳቅ የሰማች መሰላት።

የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ነጭ ቀሚስ፣ ቬሎ፣ ቄስ መጣ። ሙሽራው ወደ ሰማይ እንዳይሄድ ሚዜዎቹ በገመድ ይጎትቱታል።

«ይሄስ?»

«ሠርግ ነው።»

«የማን?»

ኑሃሚን ሌላ ውሸት ፈለገች፤ አልቆባት ነበር። «የነሱ» አለች።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሪሞቱን አንሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«ፊልሙ ምንም አይልም። ቆንጆ ነው። እኔን ያስቸገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እትዬ ተናኘ፣ እንዳይከፋዎት ብዬ...»

«ስሚ። አስተማሪዋ ስትጠራኝ የምታስተረጉምልኝ ልዕልት ናት። ሐኪም ቤትም እሷው ናት። መሳሳም እንደሆነ ያውና ስልኳ ውስጥ ሞልቷል፣ እሱን የት አስጥላታለሁ? ለእናት እያለዘቡ መንገርን ካንቺ ከተማረች ግን እኔ ምን ይዤ ልቀር ነው?»

«እና ልዕልት አትመጣም?» አለች ኑሃሚን።

«እኔም እመጣለሁ። እሷ ትተረጉምልኛለች። ከዚያ እወስናለሁ።»

ቅዳሜ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ልዕልትን አጠገባቸው አድርገው መሀል ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አቶ አምባቸውና ሌሎች አባቶች ከኋላ ቆመዋል። ኑሃሚን ከቁርስ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ከእናትና ልጅ ኋላ ወንበር ይዛ ሪሞቱን ጨብጣለች፤ አንድም ቦታ ላለመዝለል ለራሷ ቃል ገብታለች።

ሲባጎው ታሰረ። ልጆቹ ሳቁ።

«ተጋብተዋል?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሆነ ብለው።

ልዕልት ዘወር ብላ ኑሃሚንን አየቻት። ያን ቀን ደረጃው ላይ የነበረችው እሷ መሆኗን ኑሃሚን ያን ጊዜ አረጋገጠች።

«አልተጋቡም» አለች ልዕልት ወደ እናቷ ተመልሳ። «ላይክ... ማለቴ፣ ገና ነው እማዬ። እሷ ራሷ አላወቀችም።»

እናትየው ዓይናቸውን ወደ ፊልሙ መለሱ።

ዳቦ ጋጋሪውና ባቡር ነጂዋ ጣራ ላይ የሚሳሳሙበት ቦታ ሲቃረብ አቶ አምባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላው አባት ተከተላቸው። ወይዘሮ ተናኘወርቅም፣ «ልዕልት፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ» አሉ።

ልጆቹ በሙሉ በሳቅ ፈነዱ። ይሄን ውሃ የማያውቅ ልጅ የለም፤ ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ከንፈር በተቀራረበ ቁጥር በየቤቱ አንድ ሰው ይጠማዋል። ልዕልት አንገቷን ደፍታ ተነሣች።

ኑሃሚን ፊልሙን ፖዝ አደረገችው።

ዳቦ ጋጋሪውና ባቡር ነጂዋ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ተፋጠው ከጣራው በላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

«ምነው አቆምሽው?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሳይዞሩ።

«ልዕልት እስክትመለስ ነው» አለች ኑሃሚን። «እኔ አልተረጉምልዎትም።»

ከኋላ አንዱ «ወይ ድፍረት!» አለ። ኑሃሚን የአዳራሹ ነገር አበቃለት ብላ አሰበች። የሴትየዋ ማጅራት ብቻ ነው የሚታያት፤ ማጅራት ደግሞ አይነበብም። ልዕልት የወረቀት ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ ቀስ ብላ መጣች። እናቷ ተቀበሏት እንጂ አልጠጡም።

«ቁጭ በይ» አሏት። ቀጥለውም፣ «በይ ልቀቂው» አሉ።

ፊልሙ ቀጠለ። መሳሳሙ ኑሃሚን ከምታስታውሰው ይልቅ ረዥም ነበር። አሁን የሚያስል ሰው የለም።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«ምንም አላለም እማዬ። እየሳማት ነው።»

«እሱንማ አየሁ» አሉና ውሃውን ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ባዶውን ኩባያ ወደ ኋላ ለኑሃሚን አቀበሉ።

«የሚመጣውን ወር ፊልም ግን መልእክት ከመላክሽ በፊት እይው።»