ቁራጭ ብራናና ቁራጭ ጥለት

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከተነሣ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላ ነበር። መኳንንቱ ሄዱ፤ ወታደሩ ሄደ፤ ጠጅ ጣዩም ተከትሎ ሄደ። ቁም ጸሐፊው ወልደተንሣኤ ግን የጀመረውን የደብሩን መጽሐፍ ጥሎ መነሣት ስላልቻለ ቀረ። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ልጅም አልነበራቸው። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጥ ይመሽበታል።

አንድ ሐሙስ ለቀለም የሚሆነውን ሙጫ ሊለቅም ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ቁልቁለት ያዘ። በአንድ ያረጀ ወይራ ጎድጓዳ ውስጥ እጁን ቢሰድ ዛጎል አገኘ፤ አንድ ጣት ስፋት ባለው ቁራጭ ጥለት ተጠቅልሏል። የሰው ነገር ወስዶ ቦታውን ባዶ መተው አላስቻለውም። ከአኮፋዳው ቁራጭ ብራና አወጣና ቆቅ ሥሎ አኖረበት።

በሳምንቱ ሲመለስ ብራናው የለም። በምትኩ ሌላ ጥለት ተቀምጧል፤ ሦስት ድንጋይና የውሃ መውረጃ ተሸምኖበታል። ወልደተንሣኤ አገላብጦ ሲያየው ቆየና ገባው፤ የሚቀጥለው የተደበቀበት ቦታ ነው! ግማሽ ቀን ጉራንጉሩን ሲያስስ ውሎ ከምንጩ በላይ፣ ከተደራረቡ ድንጋዮች ሥር ሌላ ዛጎል አገኘ። ብቻውን ሳቀ። የገዛ ሳቁ አስደነገጠው።

እንዲህ አንዱ በብራና፣ ሌላው በጥለት እየተላላኩ ዓመት ሞላቸው። አድፍጦ ጥለቱን የሚያኖረውን ሰው ማየት ይችል ነበር፤ ካየሁት ያበቃል ብሎ ፈራ።

በጥቅምት ጥለቱ ቀረ። ሦስት ሐሙስ ተመላለሰ፤ የሚያገኘው ጤዛ ያራሰውን የራሱን ብራና ብቻ ነው። በገበያ ቀን አልዩ አምባ ወረደና ጥለቶቹን ለሸማ ሻጮች አሳየ። አንዲት ሴት ቀማችው።

«ይሄ የአባቴ የዓወል እጅ ነው! ብራናውን የሚልኩለት እርስዎ ኖት እንዴ?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ደኅና ነው?»

«እግሩ ተሰብሯል። ጆሮው ድሮም አይሰማም፤ ከደነቆረ ወዲህ የሚያጫውተው ሰው የለም። ይምጡ፣ ቤት እንሂድ።» መሊካ ትባላለች።

ሽማግሌው መደብ ላይ ተጋድሟል። ወልደተንሣኤን አየው፤ ወልደተንሣኤም አየው። ዓመት ሙሉ የተላላኩ ሰዎች የሚሆኑት ጠፋቸው። ዓወል እጁን ያዘና ብዙ ሰዓት አልለቀቀውም።

ወልደተንሣኤ ሲሰናበት የግቢውን የድንጋይ አጥር በብራና ሥሎ መደቡ ላይ ተወ፤ ሌላ ብራና አጥሩ ውስጥ ሸጎጠ። ከዳገቱ ዞር ሲል ዓወል በልጁ ትከሻ ተደግፎ ድንጋዮቹን እየዳሰሰ ነበር።

ሁለት ጊዜ ተመልሶ እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው፣ የገና ጾም ሊፈታ ሲል ወረደ። ዓወል ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል።

«ትኩሳት ነው። አላህ ወሰደው» አለች መሊካ። «ሰው ልላክብዎት ብዬ፣ ስምዎንም ቤትዎንም አላውቅ።»

«ወልደተንሣኤ ነው» አላት።

ሲመለስ ዳገቱ ላይ ጨው የጫነ ነጋዴ ደረሰበት።

«ከየት ነው ጌታው?»

«ከለቅሶ።»

«ዘመድ ነው?»

ወልደተንሣኤ ትንሽ አሰበ። «ወዳጄ ነው» አለ።

«አላህ ያጽናዎት።»

ነጋዴው በቅሎዎቹን ነድቶ አለፈ። ወልደተንሣኤ መንገድ ዳር ተቀመጠና፣ ሰውየው ከዓይኑ እስኪሰወር ጠብቆ አለቀሰ።