ያልታጠበው ሉህ

ቀድሪያ ቁርኣን የምትቀራበትን የእንጨት ሉህ ወርውራ አጠገቧ የተቀመጠውን ልጅ ትከሻውን ስለመታችው፣ ሼህ ሙሐመድሳኒ እጇን ይዘው እናቷ ሱቅ ድረስ አመጧት። የቁይ ገበያ ሞልቷል፤ ያየ ሁሉ አየ።

«ሀጀራ፣ ልጅሽን ተረከቢኝ» አሉ፣ ሉሁን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጡ። «ቤት ትዋል። ከሌሎቹ ጋር መቅራቱ አልሆነላትም።»

ሀጀራ የጨው ሚዛኑን አስቀመጠች። ኩሩ ሴት ናት፤ ጨው ቢወደድም ቢረክስም አንገቷን አትደፋም። ከሁሉ በላይ የምትኮራው ግን በዚህች ልጇ ነበር። ሼሁ ዘንድ፣ ሉሁ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ የያዘ ልጅ ሐሙስ ሐሙስ አጥቦ አዲስ ያስጽፋል። ያልያዘው እንደተጻፈ ተሸክሞት ይገባል፤ ሰፈሩም ያያል። የቀድሪያ ሉህ ሳይታጠብ ገብቶ አያውቅም።

አምና በቅሎ ጭንቅላቷን ረገጠቻት። ደብረ ማርቆስ፣ የጃንሆይ ምስል ከተሰቀለበት የሐኪም ቤት ክፍል ሰነበተች። ስፌቱ ሲፈታ ሀጀራ ሰደቃ አውጥታ «ድናለች» ብላ ላገሩ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ የነገሯትን ትረሳለች፣ በሆነ ባልሆነው ትቆጣለች፣ በቀትር እንቅልፍ ይጥላታል። ገሚሱ «ጠግባ ነው» አለ፤ ገሚሱ «ጂን ነው» አለ። ሀጀራ ደግሞ ሰው እንዳያውቅባት ሼሁን ለምና፣ ትያዘውም አትያዘው ሉሁን በየሐሙሱ ታሳጥብላት ነበር። የሉሁን እጣቢም መድኃኒት ይሆናታል ብላ ታጠጣታለች። ልጅቱ ግማሽ የያዘችው እየታጠበ ሌላ ይጻፍባት ጀመር።

«ምን ሆና ነው የወረወረችው?» አለች ሀጀራ።

«ሁሉም በየፊናው ጮክ ብሎ ሲቀራ ጆሮዋን ትይዛለች። ዝም በይ ስላት ይብስባታል። ሌሎቹ ሳይመጡ በጠዋት ስትመጣ ግን ደህና ናት። አንቺ ዘንድስ እንዴት ናት?»

ሀጀራ ዞር ብላ አየች። ጨው ልትገዛ የቆመችው ጎረቤቷ ሥራነሽ ጆሮዋን አቁማለች። ሥራነሽ የሰማችውን ደግሞ ቁይ ይሰማዋል።

«መዝኚ ስላት ትመዝናለች» አለች ሀጀራ። «መዝኚ፣ ቋጥሪ፣ ለእገሊት ስጪ ስላት ቆማ ታለቅሳለች። ሼሁ፣ ልጄ አልጠገበችም፤ ጂንም አልያዛትም። ያቺ በቅሎ ጭንቅላቷን ጎድታታለች። የዳነው ላዩ ነው። እያወቅሁ ደበቅሁ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ ሼሁ በዝግታ። «እኔም ስንፍና መስሎኝ ገርፌያታለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«እኔስ ሰላምታ ነሳችኝ ብዬ ተቀይሜያት ነበር» አለች ሥራነሽ። «በሞትሁት።»

ሀጀራ ሉሁን አንስታ ልጇን ወደ ጓዳ አስገባቻት፤ ሼሁም ተከተሏቸው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሉሁን ሸፈነችውና አንድ መስመር ብቻ ገልጣ ተወች። «ይቺን ብቻ፣ የኔ እናት» አለቻት።

ቀድሪያ ቀራች፤ ተሳሳተች። ሼሁ አረሟት። ደግማ ተሳሳተች፤ ዓይኗ ሊቆጣ ሲል ሀጀራ ጀርባዋን ዳበሰቻት፣ ሼሁም ዝም ብለው ጠበቋት። ቀጥሎ ዓይኗን ጨፍና መስመሩን እስከ ዳር አወረደችው። ሀጀራ ማንበብ አታውቅም፤ የሼሁን ፊት ነበር የምታነበው።

«ይዛዋለች» አሉ። «በጠዋት ከልጆቹ ቀድማ ትምጣልኝ። በቀን አንድ መስመር ይበቃታል።»

ሀጀራ ደስታው አንገቷ ድረስ ሞላባት። ልጇ ከሁሉ ቀድማ ሉሁን ታጥብ በነበረበት ጊዜ እንኳ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

«ዛሬ ግን ሐሙስ ነው» አሉ ሼሁ ሊወጡ ሲሉ። «እንደ ልማዳችን ይታጠብ?»

ሀጀራ ሉሁን ለልጇ አስያዘቻት። «አይታጠብ» አለች።

ቀትር ላይ የቀድሪያ ዓይን መክበድ ሲጀምር ሀጀራ ሱቁን ለሥራነሽ አደራ ብላ ወደ ቤት ይዛት ወጣች። መንገዱ ገበያውን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ልጅቱ ሰዉን ስታይ ሉሁን ወደ ደረቷ ገለበጠችው።

«እማዬ፣ በነጠላሽ ሸፍኚልኝ።»

የሀጀራ እጅ ከልማድ ወደ ነጠላዋ ሄደ። ነጠላውን ግን መልሳ በገዛ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

«ጽሑፉን ወደ ሰዉ አዙሪው» አለቻትና በገበያው መሀል ይዛት አለፈች።