ጉበቱም ቃሉን ይስጥ

ባሌ ጎይቶም ገበታ የለየ ዕለት ሌላ ሴት አለችው ብዬ ደመደምኩ። ምን ላድርግ? ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው፤ በየመቆሚያው ሻይ ይዛ የምትስቅለት አትጠፋም። እሱ «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ሰሃኑ ለብቻ፣ ማንኪያው ለብቻ። ብርጭቆውን ደግሞ በእኔው የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረገበት። ጠቅልዬ ላጉርሰው ስል ፊቱን ያዞራል። ጨጓራ ከመቼ ወዲህ ነው ብርጭቆ የሚለየው? ጭራሽ መኝታውንም ወደ ሳሎን አወጣ። ሳሎን የምላት ለክብሩ ብዬ ነው፤ ያችው አንዷ ክፍላችን በመጋረጃ ተከፍላ ነው።

ሲብስብኝ ሽማግሌ ጠራሁ። ጋሽ አለሙና ጋሽ አብዱልሐሊም መጡ። በእኛ ሰፈር እነሱ ያላስታረቁት ቢኖር ውሻና ድመት ብቻ ነው። ሽሮ አቀረብኩ፤ በጾም ሽሮ ክርስቲያንና ሙስሊም አይለያይም።

«እስቲ እታፈራሁ ልጄ፣ ቃልሽን ስጪ» አሉኝ ጋሽ አለሙ።

ሰጠሁ። አይቻት የማላውቃትን ሴት የፀጉሯን አሠራር ሳይቀር ገለጽኩ።

ጎይቶም አንገቱን ደፋ። «ሴት የለም» አለ። «መናኸሪያው ላይ ደም ለግሼ አልነበር? ደውለው የጉበት ቫይረስ ተገኘብህ፣ ሄፒታይተስ ቢ ይባላል አሉኝ። ‹ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል› ሲሉኝ ስልኩን ዘጋሁት።»

ልስቅ ነበር፤ ሳቄ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ታላቅ ወንድሙ ምሩጽ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ አብጦ ነው የሞተው። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል እየጨመቁ ሲያጠጡት ነበር።

«የምሩጽን ሰሃን ደጅ ነበር የሚያስቀምጡት» አለ ጎይቶም። «ሰው ሳይለየኝ ራሴው ልለይ ብዬ ነው። እሷንስ ባስይዛት?»

ጋሽ አብዱልሐሊም ጺማቸውን ዳበሱና፣ «ሽማግሌ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ጉበቱም ቃሉን ይስጥ። ተነሱ፣ ወልድያ!» አሉ።

በገዛ ሚኒባሱ ወደ ፍርዱ ነዳን። ሲሪንቃ ላይ ሰዎች እጃቸውን ቢያነሱም አልቆመም። እኔ ከኋላው ተቀምጬ ማጅራቱን እያየሁ፣ ምነው ያቺ ሴት እውነት በሆነች ብዬ ተመኘሁ።

ሐኪሟ ሊዲያ ወጣት ናት። በሽተኛ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ሲመጣ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

«በምግብ፣ በጉርሻ፣ በብርጭቆ አይተላለፍም» አለች። «የሚተላለፈው በደም፣ ከእናት ወደምትወልደው ልጅ፣ እና...» ሽማግሌዎቹን አየት አደረገች፤ «በመኝታ።»

ጋሽ አለሙ ጣሪያውን ይመረምሩ ጀመር።

«እሷ ተመርምራ ክትባቷን እስክትጨርስ ኮንዶም ትጠቀማላችሁ» ስትል፣ ከጣሪያው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ምላጭስ ትጋራላችሁ?»

እኔና ጎይቶም ተያየን። ብርጭቆ የለየው ባሌ፣ ጺሙን የተላጨበትን ምላጭ መስታወቱ ሥር ይተዋል፤ እኔ ጥፍሬን የምቆርጠው በሱ ነው። ሌባውን ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን የሚቆልፍ ሰው ነው ያገባሁት!

ደም ሰጠሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ማንም አልቀለደም፤ ፈራሁ።

ነጻ ነኝ። ክትባቱንም እዚያው ጀመርኩ። የሱ ጉበት ተመርምሮ ገና አልተጎዳም ተባለ፤ ለጊዜው ኪኒን አያስፈልገውም። ግን በየስድስት ወሩ እየመጣ መታየት አለበት። አረቄ ክልክል ነው። «ቅጠልም እንዳትጠጣ፤ ጉበት የሚጎዳ አለበት» ስትለው፣ ጎይቶም ምሩጽን አስቦ መሰለኝ ዓይኑን ጨፈነ።

ቤት ስንገባ ሽሮው ቀዝቅዞ ጠበቀን። አሞቅኩት። ጎይቶም እንደ ልማዱ የለየውን ሰሃን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። የሐኪሟ ነገር ጆሮው ደርሷል፤ እጁ ግን ገና አልሰማም። ቀይ ነጥብ ያለባትን ብርጭቆ አነሳሁና የተረፈውን ውሃ ፊት ለፊቱ ጭልጥ አደረግኩት።

«ተፈርዷል» አሉ ጋሽ አብዱልሐሊም። «አጉርሳት!»

በጣቱ ጫፍ ትንሽዬ ጠቀለለ። ጎረስኩ፤ ውጬም እንደገና አፌን ከፈትኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገማት እንጂ» አሉ ጋሽ አለሙ። «እኛ ለአንድ ጠብ ሁለቴ አንመጣም።»

ሁለተኛውን ሲያጎርሰኝ ያለቅስ ነበር፤ እጁ ግን አሁን ሰምቷል።