ዘጠኝ ቀን ያልጠፋው ኮምፒውተር

«ነቅለሽ ተገላገይ!» አለ የሟቹ ወንድም ራዳሜስ፣ የኮምፒውተሩን ገመድ እንደ እባብ በሩቁ እያሳየ። «ሳሎን ያሉት ሴቶች በሙቀት ሊያልቁ ነው። ባትሪው ወይ ማራገቢያውን ወይ ይህን ሳጥን ነው የሚችለው።»

«እጅህን ሰብስብ!» አለች ኖርኪስ ከወንበሯ ሳትነሳ።

መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ባሏ ከሞተ ቀኑ ዘጠነኛው ነው፤ ሳሎን ለነፍሱ የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት የመጨረሻው ተጀምሯል፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካው የኢንቨርተሩ ባትሪም ሊያልቅ መጮህ ጀምሯል።

ባሏ ኤሊሴዮ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። «ፈትቼ ያልገጠምኩትን አላምንም» እያለ፣ ለመማር ብቻ፣ የራሱን ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከባዶ ሲሠራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሲስተሙ የተጻፈለትን ይቀበላል፤ ማስቀመጥ ግን ገና አልተማረም። ከጠፋ ሁሉም ጠፋ።

ያን ቀን ኖርኪስ ከማድቤት ሦስት ጊዜ ለምሳ ጠራችው። አልመጣም። በአራተኛው፣ «አንተ ግንድ፣ እዚያው ድረቅ!» አለች። ስትገባ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ክርኑ የተጫነው አንድ ፊደል ገጹን ሞልቶ፣ የጻፈውን ሁሉ ወደ ላይ ገፍቶ ከገጹ አጥፍቶታል።

ሲስተሙ ያለፈን መስመር መልሶ አያሳይም። የተጻፈውን የያዘውን ሚሞሪ ሲጠይቁት ግን ለየፊደሉ ቁጥር ይተፋል፤ በአንዴ ስምንት ብቻ። ኖርኪስ የየፊደሉ ቁጥር በተዘረዘረበት በባሏ ደብተር እያመሳከረች ቁጥሩን ወደ ፊደል ስትመልስ ሰነበተች። ትናንት የራሷን ጩኸት አገኘች፦ «ኤሊሴዮ ምሳ»። ቀጥሎም ያው። ለካ የቁልፍ ሰሌዳውን ሲሞክር የሰማውን ይጽፍ ነበር።

አሁን «አንተ ግንድ እዚያው ድረቅ» ወጣ።

«ምን ይላል ልጄ?» አሉ የሟቹ እናት ዶኛ ኤውለሊያ፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው።

«ሰምቶኛል፣ እማማ። ድረቅ ያልኩትን ሰምቶ ነው የሄደው።»

«ጽሑፉ እዚህ ላይ አለቀ?»

«አንድ መስመር ይቀራል።»

ባትሪው ጮኸ። ራዳሜስ ወደ ገመዱ ጎንበስ አለ።

«አንተ! ማራገቢያውን ንቀል» አሉት እናቱ። «መሐረብ የሌላት ሴት የለችም፤ በሱ ያራግቡ።»

ራዳሜስ ነቀለው፤ ሳሎን ያሉት ሴቶች አጉረመረሙ። ኖርኪስ የመጨረሻዎቹን ስምንት ቁጥሮች አስጠርታ በጥድፊያ ገለበጠች። ባትሪው አለቀና ገጹ ጨለመ።

«ጠፋብሽ?» አለ ራዳሜስ፣ ድምፁን ቀንሶ።

ኖርኪስ የገለበጠቻቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች ወደ ፊደል ትመልስ ነበር። ሲያልቁ፣ ደብተሩ ላይ አንዲት ቃል ቀረች፦

መጣሁ።

ለሚስቱ የሚገባውን መልስ ለሳጥኑ ሰጥቶ፣ የመለሰላት መስሎት ነበር።

ኖርኪስ ተነስታ ማድቤት ገባች። የቦሎቄውን ድስት አሞቀች፤ አንድ ሳህን ሞላች፤ እንዳይቀዘቅዝም ክዳን ደፋችበት።