ቢራ ለሺዮ

ጺያላ ወንድሟ መጋዝ ይዞ ሲመጣ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሺዮ የመንደሩ የእርሻ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ከሞስኮ የወረደው ትእዛዝ ደግሞ መጠጥ ይቅር፣ ወይን ይቆረጥ ይላል። ግን የአባቱን ወይን? በእኛ በጆርጂያ፣ በጉሪያ አውራጃ፣ ወይን የሚያድገው ዛፍ ላይ እየወጣ ነው። ይሄኛው ችኻቬሪ የሚባል የወይን ዘር ሺዮ በተወለደ ዓመት ተተክሎ የዛፉ ጫፍ ደርሷል፤ በመንደሩ ከዚህ ዘር የቀረውም እሱ ብቻ ነበር።

«አንድ ወር ታገሰኝ» አለችው። «ለጊዮርጊስ በዓል ይበስላል። ለቅሜ ልጨርስና የፈለግከውን አድርግ።»

«ከእህቴ ካልጀመርኩ ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን እንደሚልህ እኔ ልንገርህ! አባባ ቅርጫት አንግቶ እዚህ ዛፍ ላይ ሲንጠላጠል የኖረው ለማን ሠርግ ነው? ለማን ልጆች ክርስትና ነው?»

«አባባ ሞቷል፣ ጺያልዬ።»

«የሞትከውስ አንተ ነህ!»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ሺዮ ለሌላ ሰው እንኳ ሳይሰጥ፣ ጭን የሚያህለውን የወይኑን ግንድ በገዛ እጁ ገዘገዘው። ያልበሰለው ዘለላ እዚያው ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ደረቀ። ጺያላ በየጠዋቱ እሱን እያየች ደሟ ይፈላል። «ይቅር በይው እንጂ» ያለቻትን ጎረቤቷንም ከግቢዋ አባራታለች።

የጊዮርጊስ ዕለት ሺዮ ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ። እንደ ወትሮው ዶሮ አንጠልጥሎ ገባና አባቱ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ጺያላ ጓሮ ከተቀበረው ጋን የአምናውን ወይን፣ የመጨረሻውን፣ ቀድታ ለሁሉም አዳረሰች። የሺዮን ብርጭቆ ግን ዘለለችው።

«እኔንስ ረሳሽኝ እንዴ?» አለ እየሳቀ።

«አንተን እረሳለሁ?»

ጓዳ ገብታ ቢራ ይዛ ወጣች። ጆርጂያ ውስጥ ጽዋ የሚነሳው በወይን ነው፤ በቢራ የሚነሳው ለጠላት ብቻ ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ጺያላ ቢራውን ለራሷ ቀዳችና ብድግ አለች።

«ለወንድሜ ለሺዮ!»

የሺዮ ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ወደ ሽማግሌው አጎታቸው ወደ ሚሮን ዞረ፤ ሚሮን ሁልጊዜም የሚያስታርቃቸው እሱ ነው።

ሚሮን የወይን ብርጭቆውን ገፋ አደረገና ሌላ ባዶ ብርጭቆ አነሳ።

«ለእኔም ከእሱ ቅጂልኝ፣ ልጄ» አላት።