ሁለተኛው የቀለህ መስቀል

ቁጥሩን ያየችው መስቀሉን ከፍራሹ ላይ ስታነሣ ነው። ዐሥራ አንድ ይላል።

የብርሃኑ ሰልስት የወጣበት ቀን ነበር። አንዲት ለቅሶ ደራሽ ልትሄድ ስትነሣ ጋቢዋ የቡፌውን ጠርዝ ጠረገውና ከጥይት ቀለህ የተሠሩት የሟቹ ጌጦች ተበተኑ። ሴትዮዋ "አፈር ልብላ" እያለች ስታጎነብስ ተናኜ ቀድማ ለቀመቻቸው። አውሮፕላኗን፣ እስክሪብቶውን፣ እግራቸው ቀለህ የሆነውን ሁለት ትንንሽ መስቀሎች። ባሏ ወታደር ሳለ ከባዶ ቀለህ የሠራቸው ናቸው። ቂጣቸው ላይ ፋብሪካው የመታው ቁጥር አለ፤ ሰማንያ ሦስት። ብርሃኑ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየገለበጠ ያሳይ ነበር። "ዓመተ ምሕረቱ ነው። ጦርነቱ ያለቀበት፣ እኔም ከከረን በእግሬ የመጣሁበት።"

ሁለተኛው መስቀል ላይ ያለው ግን ሰማንያ ሦስት አይደለም።

ይህን መስቀል ብርሃኑ ያመጣው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። "ከአሮጌው ሣጥን ውስጥ ተረስቶ አገኘሁት" ብሎ ከሌሎቹ ጎን አቆመው። ተናኜ ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራውን ጠርጋለች፤ አንድ ቀን ገልብጣ አላየችውም። አሁን የሚጠየቀው ሰው አፈር ውስጥ ነው።

መስቀሉን ወደ ቡፌው አልመለሰችውም። በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ልጁ አሁንም አልደረሰም?" አለች ከወዲያኛው ፍራሽ አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ጋምቤላ ነው አሉ። መንገድ ሥራ።"

"ጋምቤላ እኮ አውሮፕላን አለ። አባቱ ደግሞ ሃያ ዓመት ኤርፖርት ዕቃ ሲጭን የኖረ ሰው። ለአባት ቀብር የማይመጣ ልጅ…"

"ዝም በይ፣ ትሰማለች።"

ተናኜ ሰምታለች። ከብርሃኑ ሞት ጀምሮ ሌላ የምትሰማው ነገር የለም። አብኔዘር ከቤት ከወጣ አራተኛ ዓመቱ ነው። ልጇ ሔዋን የአባቷን ስልክ ከፍታ ከላይ እስከ ታች ፈልጋለች፤ አብኔ የሚል ቁጥር የለም፣ ከጋምቤላ የተደወለም የለም። "አባዬ አጥፍቶት ይሆናላ" ብላ ለራሷ መልስ ሰጠች፤ ከዚያ ወደ ጋምቤላ ለሚመላለሱ ሹፌሮች ሁሉ እየደወለች መልእክት አስያዘች።

ክፉ በማሰብ ተናኜን የሚቀድማት የለም። ልጅ ሩብ ሰዓት ከዘገየ በሐሳቧ ሆስፒታል ለሆስፒታል ትዞራለች። አብኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለ ለሽርሽር ላንጋኖ ሲሄድ አውቶቡሱ ሲገለበጥ በዓይኗ ስላየች ሦስት ቀን ታመመች፤ ልጁ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ዓሣ በፌስታል ይዞ ተመለሰ። ብርሃኑ ይስቅባት ነበር። "ተናኜ ሰማይ ሳይደምን ጎርፍ ትሻገራለች" ይላል። ሳቁ ነበር የሚያስተኛት። እሱ እየሳቀ ምን ክፉ ነገር ሊኖር ይችላል?

ከልጁ ጋር የሚያወራውም እየሳቀ ነበር። "ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም" ብሎ ወደ ደረጃው ይወጣል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እሷ የደረጃውን ብረት ይዛ ትሰማለች፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ያወራል።

"እሺ አብኔ… አይ፣ እናትህ ደህና ናት… ያው ትጨነቃለች እንጂ… ብላ ደግሞ። ያለ ምግብ ሥራ የለም።"

"አገናኘኝ" ትላለች ከላይ።

"ውይ፣ ተቋረጠ።"

ሁልጊዜ ይቋረጣል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን በጣቷ ስትዳብስ ዋለች። ዐሥራ አንድ። ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ። ያኔ አብኔ እዚሁ ነበር፤ ቦሌ ሚካኤል ገመዳ ብረታ ብረት ቤት ሥራ ይማር ነበር። እንግዲያው መስቀሉን ሠርቶ ለአባቱ የሰጠው ያኔ ነው። አባትየው ደግሞ እንደ ልማዱ ለቀልድ ደብቆት ነበር። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቀለሁን ግን ከየት አገኘው? መልሱ ወዲያው መጣባት፣ አባረረችው፣ ተመልሶ መጣ።

ቦሌ ሚካኤል ሄዳ ገመዳን መጠየቅ አትችልም። ባሏ በተቀበረ ሳምንት ፍራሹን ትታ ታክሲ የምትጋፋ ሐዘንተኛ የለችም። ገመዳ ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባት። ጠበቀች። የሚገባውን ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ከፊቱ በፊት ጫማውን አየች፤ የብረት ቤት ጫማ በብየዳ ብልጭታ የተቃጠለ ነው።

ጫማው በአምስተኛው ቀን መጣ።

ገመዳ ሰፊ ሰው ነው። ፍራሹ ላይ ለመቀመጥ ሁለት ሴቶች መጠጋት ነበረባቸው። "እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ ተናኜ" ብሎ ጥቂት አቀረቀረ። ጎረቤቷ ፈሂማ ከፔርሙዝ ቡና ቀዳችለት።

"ጋሽ ብርሃኑ ባለፈው ሱቅ መጥተው ሲሰድቡኝ ነበር" አለ ስኒውን በትልቅ እጁ ይዞ። "የሠራህልን አልጋ ይጮኻል፣ በዚህ ዕድሜዬ ጎረቤት ፊት አዋረድከኝ አሉኝ።"

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ፈሂማ ጀርባዋን አዞረች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ተናኜም ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ጠጋ አለችውና ቋጠሮውን ፈታች።

"ይሄን እስቲ እየው። አብኔ አንተ ጋ እያለ ነው የሠራው፣ አይደል? ዐሥራ አንድ ይላል። በዐሥራ አንድ እኮ አንተ ጋ ነበር።"

ገመዳ ስኒውን አስቀመጠ። መስቀሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ቂጡን አየ።

"ቁጥሩ የኛ አቆጣጠር አይደለም፣ እትዬ። ፋብሪካው የውጭ ነው፤ የሚመታው በፈረንጅ ዘመን ነው። ሰማንያ ሦስቱን ዓመተ ምሕረት ያሉትም ጋሽ ብርሃኑ ሲቀልዱ ነው።"

"በኛስ ስንት ይሆናል?"

"ሁለት ሺህ ሦስት ገደማ። እሱም ጥይቱ የተሠራበት እንጂ የተተኮሰበት አይደለም።"

በሁለት ሺህ ሦስት ብርሃኑ መለዮውን ካወለቀ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ቀለሁ ከእሱ ጦርነት አይደለም። ተናኜ ይህን ለማስላት ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም፤ ገመዳም ፊቷን ሲያይ የተናገረውን መልሶ መዋጥ የፈለገ ይመስላል።

"ማን እንደሠራው ግን ታውቃለህ" አለችው።

አውራ ጣቱን በመስቀሉ ክንፎች ላይ አስኬደ፣ መለሰ፣ እንደገና አስኬደ።

"በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ሲሞርድ ጭረቱ ወዲህ ይጋደማል። ይሄ ወዲያ ነው። ሞረዱን በቀኝህ ያዝ ብዬ ሁለት ዓመት ታግዬዋለሁ። እሺ ይለኛል፤ ዞር ስል በግራው ነው።"

"አንተ ቤት ነው የሠራው።"

"እትዬ ተናኜ…"

"አንተ ቤት ነው በለኝ።"

"እኔ ቤት ቀለህ ገብቶ አያውቅም። ያሽጉብኛል ብዬ ለማንም አልፈቅድም። ይሄን የሠራው ከእኔ ከሄደ በኋላ ነው። ጫፉን ያለሰለሰው ደግሞ በድንጋይ ነው። የብርጭቆ ወረቀት የሌለው ሰው እንደዚህ ያደርጋል።"

ጋምቤላ መንገድ ሥራ ላይ ያለ ልጅ የብርጭቆ ወረቀት አያጣም። ቀለህም አይለቅምም።

መስቀሉን ተቀብላው ተነሣች። ፈሂማን ጠርታ፣ "ጋሽ ኃይለኪሮስን ከድንኳኑ ጥሪልኝ፤ ሔዋን እንዳታይ" አለቻት።

ኃይለኪሮስ የብርሃኑ የጦር ጓደኛ ነው፤ ከከረን አብረው በእግራቸው የመጡ። ታች ድንኳን ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት መካከል ተቀምጦ ስሙን የሰማ ጊዜ በእጁ የያዛቸውን ካርታዎች ገልብጦ አስቀመጠ። አራት ፎቅ ወጥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ሲገባ ትንፋሹ ያፏጭ ነበር። ተናኜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። መስቀሉን ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችለት።

"ማን ነገረሽ?" አለ ኃይለኪሮስ።

ያለውን ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው የሰማው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"እርስዎ ይንገሩኝ" አለች።

"ጋምቤላ አልሄደም። በዐሥራ ሦስት ነሐሴ ዘምቷል፣ ወደ ሰሜን። ለአባቱ ብቻ ተናግሮ። ለእማዬ ጋምቤላ በላት ብሎ።"

"መቼ?"

"ዓመት ሳይሞላው። መስቀሉን ያመጣው ጓደኛው ነው፤ በእጄ ቀብሬዋለሁ አለው። ለአባቴ ብሎ ነው የሠራው፣ ከእሱ መስቀል ጎን እንዲያቆመው።" ኃይለኪሮስ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። "መርዶው እንዲነገርሽ ቀን ቆረጥን። ማለዳ ልንመጣ ሽማግሌዎች ሁሉ ተነግሯቸው ነበር። ዋዜማው ላይ ግፊትሽ ተነሣ። ይለፍ አልን። ከዚያ ጾም ገባ፤ በጾም አይሆንም አለ። ከዚያ የሔዋን ፈተና። እንዲህ እንዲህ እያልን ቀኑ አለፈበት። ያለፈበት መርዶ እንዴት ይነገራል፣ ተናኜ? መቼ አወቅህ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ ይለኝ ነበር።"

"ያወራ ነበር እኮ። ደረጃው ላይ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።"

"አንድ ቀን አብሬው ነበርኩ። ስልኩ ጠፍቷል፤ ጥቁር ነው። እየሳቀ ያወራል። እንባው ደግሞ እዚህ ድረስ።" አገጩን ነካ። "እባክህ ይብቃህ አልኩት። እሷ ከእኔ በፊት ብትሄድ ነው የምመኘው፣ እዚያ ስትደርስ ልጁ ራሱ ይነግራታል አለኝ።"

ተናኜ ብርድ ልብሱን በጥፍሯ ያዘችው።

"አርባውንስ?"

"አስፈትተናል። ቦሌ ሚካኤል፣ በክርስትና ስሙ። እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ዳቦም ጸበልም አድርሰናል።"

ዳቦውን አስታወሰችው። አንድ እሑድ ብርሃኑ በጋዜጣ የተጠቀለለ ድፎ ይዞ መጥቶ፣ "የሰንበቴ ነው" ብሎ ነበር። ጥቁር አዝሙድ ነበረበት። ጣፍጧት ሁለት ጊዜ ቆርሳለች። የልጇን ተዝካር እየሳቀች በልታለች።

ዕድሜዋን ሙሉ ያላሰበችው ክፉ አልነበረም። ልጆቿ በሐሳቧ በመኪና ተገጭተዋል፣ በጎርፍ ተወስደዋል፣ በኤሌክትሪክ ተይዘዋል። ከጎኗ የሚተኛው ሰው እያንዳንዱን ሌሊት ብቻውን ለቅሶ እንደሚቀመጥ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። በየት በኩል ታስበው? እየሳቀ።

ስትጮኽ ሴቶቹ ከሳሎን ተንጋግተው መጡ። ደረቷን ደቃች፣ ፊቷን ልትቧጭር ስትል ፈሂማ ሁለት እጇን ያዘቻት። ስም አልጠራችም። ሔዋን በሴቶቹ መካከል ተሹለክልካ አንገቷ ላይ ስትጠመጠም ጥርሷን ነክሳ የአብኔን ስም መለሰችው።

"ተመስገን፣ ዛሬ ገና ወጣላት" አለች ከኋላ አንዷ። "እስካሁን እኮ እንባዋ ደርቆ ነበር።"

"ለባል እንደዚህ ነው የሚለቀሰው።"

የምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ሰዎቹ ሄዱ። የእድሩ ልጆች ወንበሮቹን ደራርበው ድንኳኑን አጠፉ። ኃይለኪሮስ ሊሰናበት መጥቶ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

"ለሔዋን እኛ እንነግራታለን። አንቺ አትችይም። ቅዳሜ ማለዳ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ልምጣ። ወይ ደግሞ ከአባቷ አርባ በኋላ፣ ትንሽ ሲበርድላት…"

"ቀን አትቁረጡ" አለችው።

አየት አደረጋትና ወደ ደረጃው ወጣ። የእግሩ ድምፅ አራቱን ፎቅ እስኪጨርስ ሔዋን ፍራሾቹን ወደ ግድግዳው ጠጋ ጠጋ አደረገቻቸው፣ ስኒዎቹን ሰበሰበች፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ወደ ውጭ አንገቷን አሰገገች።

"እማዬ፣ በሩን ሳልቆልፈው ልተኛ? አንዱ ሹፌር መልእክቱን እዚያ ለመንገድ ሠራተኞቹ አድርሻለሁ ብሎ ጽፎልኛል። አብኔ ዛሬ ማታ ሊገባ ይችላል። እንዳያንኳኳ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ።"

ተናኜ ከፍራሹ ተነሣች። ግድግዳውን እየያዘች መጣች። የብረት በሩን ገፋችው፤ ገጠመ። የሔዋንን ቀኝ እጅ ያዘችና ቁልፉ ላይ አኖረችው።

"እማዬ?" አለች ሔዋን። "አብኔስ?"

እናትየው በልጇ እጅ ላይ የራሷን እጅ ደረበች። የሔዋን ጣቶች መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ ደርቀው ቆዩ። ከዚያ ቁልፉ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛም ዞረ።